ሰላምታ አይቆጠርም

ኖሪን ትሬጌንዛ ማክሰኞ ጠዋት ከክበቡ የመጣላትን ደብዳቤ ከከፈተችበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሐሙስ ምሽት ድረስ ቁጣዋ አልበረደላትም። ሰባ አንድ ዓመት የኖረች ሴት በመሆኗ የቁጣን ጠባይ ታውቃለች። የወጣትነት ቁጣ እንደ ገለባ እሳት ቦግ ብሎ ይከስማል፤ የባልና የሚስት ቁጣ ደግሞ እንደ ተረሳ ወተት ገንፍሎ ምድጃውን ካበላሸ በኋላ ይወጣለታል። ይኸኛው ግን ላዩን አመድ ለብሶ ከሥር ከሥሩ የሚበላ ፍም ነበር፤ በተቀመጠችበት አብሯት ይቀመጣል፣ በተነሣችበት አብሯት ይነሣል።

ደብዳቤው አምስት መስመር አይሞላም። «ውድ ሪኒ» ይላል፣ በክበቡ በሚቆላመጥበት ስሟ፤ «በቅዳሜው የወጣቶች የንግግር ውድድር የካሎላይኔ ቫይፑና ጊዜ አራት ደቂቃ ከሃምሳ ስድስት ሰከንድ ተብሎ በስሕተት ተመዝግቧል። ትክክለኛው ስድስት ደቂቃ ከአንድ ሰከንድ መሆኑን ለዳኞቹ አስረድቼ ዐሥር ነጥብ ተቀንሶባታል፤ ቅጹም ታርሟል። ሐሙስ በእራቱ ላይ ትፈርሚበታለሽ። አይክፋሽ፤ ሰዓት መጫን መርሳት በእኛ ዕድሜ ያለ ነው።» ከግርጌው የውድድሩ አዘጋጅ የቤቫን ሆክሪጅ ፊርማ እንደ ባለቤቱ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል።

«መርሳት!» አለች ኖሪን። «እኔ! መርሳት!»

ባሏ ክሌም ዳቦውን ቅቤ እየቀባ ቀና አለ። አርባ ዓመት የመስኖ ቦይ በሮችን ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ፣ ከውሃ በቀር ማንም አስቸኩሎት የማያውቅ ሰው ነው።

«በጠዋቱ ማንን ልትገድዪ ነው?»

«ቤቫንን።»

«ይሁን። ሻዬን ልጨርስና ጉድጓዱን እቆፍርልሻለሁ።»

«ክሌም፣ አልቀለድኩም።»

«እኔስ መች ቀለድኩ? አፈሩ እንደሁ ዘንድሮ ለስላሳ ነው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን ተነሥታ ስልኩን አነሣች።

ቁጣዋ ለምን እንዲህ እንደ በረታ የሚገባው፣ ኖሪን ከሰዓት ጋር ያላትን የቆየ ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ከትምህርት ቤት ወጥታ የተቀጠረችው ከሙሪ ወንዝ ዳር፣ በታልጋራ ከተማ ጫፍ ባለው የሆክሪጅ የዘቢብ ማሸጊያ ነበር። የማሸጊያው ጌታ የቤቫን አባት ነበሩ። በበሩ ላይ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሎ ነበር፤ ሦስት ደቂቃ ያረፈደች ሠራተኛ የሩብ ሰዓት ደመወዟን ታጣለች። ኖሪን በአባቷ የእጅ ሰዓት ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታስተያይ ቆየችና፣ ያ የግድግዳ ሰዓት ጠዋት ጠዋት አምስት ደቂቃ የሚቀድም፣ ማታ ማታ ደግሞ አምስት ደቂቃ የሚዘገይ ጉደኛ ሰዓት መሆኑን ደረሰችበት። ሰዓቱ አላበደም ነበር። ከሰዓቱ ሥር መሰላል ነበረ።

ይህንኑ ለተቆጣጣሪው በሰው ፊት ተናገረች። መልሱ ከዘቢብ መልቀሚያው ጠረጴዛ አንሥቶ ፍሬ በድኝ ጢስ ወደሚታጠንበት ቤት መወርወር ሆነ። አንድ በጋ ሙሉ ዓይኗ እያለቀሰ ጉሮሮዋ እየከረከረ ከረመች። በበጋው ማብቂያ በደመወዟ የገዛችው ቀሚስ አልነበረም፤ የሩጫ ሰዓት ገዛች፤ የእንቁላል ያህል የሚከብድ፣ ሲጫኑት አዳራሽ ሙሉ የሚሰማ ቀጭ የሚል ድምፅ ያለው። ባለሱቁ «ለወንድምሽ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «ለራሴ ነው፤ ሁለተኛ እንዳልሰረቅ» ብላ መለሰችለት።

የታልጋራ የወንዝ ዳር ክበብ በዚያን ጊዜም የወጣቶች የንግግር ውድድር ነበረው፤ የተፈቀደው ግን ለወንዶች ብቻ ነበር። ኖሪን አፏ ማር የሚያዘንብ፣ ነገር ማሳመር የተሰጣት ልጅ ብትሆንም፣ ከአዳራሹ ጀርባ ቆማ ሳንድዊች ስትቆርጥ የሌሎችን ንግግር ሰማች። ክሌምን ካገባች በኋላም እሱ አባል፣ እሷ የአባል ሚስት ሆኑ፤ እሱ በእራቱ ላይ ተነሥቶ የሚያደርጋቸውን ንግግሮች እሷ ጻፈችለት፤ ሰዉም ክሌምን «ዝምተኛ ነው እንጂ ሲናገርስ ያምርበታል» እያለ አደነቀው። ሴቶች በአባልነት ይግቡ ተብሎ ድምፅ በተሰጠበት ምሽት ቤቫን ሆክሪጅ ብርጭቆውን አንሥቶ፣ «መልካም ነው፤ ከእንግዲህ ሳንድዊቹን በድምፅ ብልጫ ይቆርጡታል» አለ። ሁሉም ሳቀ። ኖሪንም ጥርሷን አሳየች፤ ጥርስ ግን ሁልጊዜ ለሳቅ አይወጣም።

የሰዓት ያዥነቱን ሥራ የሰጧት ማንም ስላልፈለገው ነበር። እሷ ግን ሃያ ሰባት ዓመት እንደ ዙፋን ተቀመጠችበት። ክበቡ ብዙ ነገር ያደርጋል፤ ለሕፃናት የዓሣ ማጥመድ ቀን አለው፣ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሥዕል ውድድር አለው፣ ከብረታ ብረት ሱቁ ፊት ለፊት ቋሊማ እየጠበሰ በትርፉ ለተቸገሩ ልጆች መነጽር ይገዛል። የሁሉም ዘውድ ግን የንግግር ውድድሩ ነው። ለእያንዳንዱ ወጣት አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በአራተኛው ቢጫ መብራት፣ በአምስተኛው ቀይ መብራት ይበራል፤ ከዚያ ሠላሳ ሰከንድ ምሕረት አለ፤ ምሕረቱ ሲያልቅ ኖሪን ደወሉን ትመታለች፤ የተደወለበትም ዐሥር ነጥብ ያጣል። ሰዓቱ የሚጀምረው ከንግግሩ የመጀመሪያ ቃል ነው። ተናጋሪው ሊቀመንበሩን፣ ዳኞቹንና እንግዶቹን እጅ እስኪነሣ ድረስ ቁልፉ አይጫንም። በመመሪያው መጽሐፍ አንድ መስመር ብቻ ናት፤ ኖሪን ግን ለአዲስ ተወዳዳሪ ሁሉ ሳትነግር አታልፍም። «አትቸኩል ልጄ፤ ሰላምታ አይቆጠርም።»

ቅዳሜ ዕለት ሁለት ልጆች ለመጨረሻው ዙር ቀረቡ። የመጀመሪያው የቤቫን የልጅ ልጅ ዲግቢ ሆክሪጅ ነበር፤ ቀልጣፋ፣ ረዥም፣ ክራባቱን አያቱ ያሰሩለት፣ ክፋት የሌለበት ልጅ። ስለ መሪነት ተናገረ። ከመጀመሩ በፊት ከንቲባውን፣ ዳኞቹን፣ የክበቡን ሹማምንት፣ አስተማሪዎቹን፣ የአልሞንድ ገበሬዎችን ማኅበርና አያቱን በየስማቸው እጅ ነሣ። ኖሪን አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አኑራ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ቀጭ አደረገችው፤ አምስት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ሆነ።

ሁለተኛዋ ካሎላይኔ ቫይፑና ነበረች። አባቷ ሴሚሲና እናቷ ከቶንጋ ደሴቶች ወይን ለመልቀም መጥተው ታልጋራ ከቀሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። የቶንጋ ሰው ሽማግሌ በተቀመጠበት ሸንጎ አፉን ከመክፈቱ በፊት ፋካታፑ ማድረስ አለበት፤ እግዚአብሔርን፣ የምድሩን ባለቤቶች፣ አለቆችን፣ አረጋውያንን በየማዕረጋቸው እያነሣ «ፊታችሁ ቆሜ ለመናገር ፍቀዱልኝ» ይላል። ያለዚያ የሚናገር ልጅ አሳዳጊ የበደለው ነው። ካሎላይኔም አንገቷን ሰብራ፣ በመጀመሪያ በአባቶቿ ቋንቋ፣ ቀጥላም በአጭሩ ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ ፈቃድ ጠየቀች። ከዚያ ቀና አለች፤ ኖሪንም ቁልፉን ተጫነች።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» ብላ ጀመረች ልጅቱ። «ሐኪሙ የአያቴን ቋንቋ አያውቅም፤ አያቴም የሐኪሙን። በክፍሉ ውስጥ ሁለቱንም የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ አያቴ እንደምትሞት ለአያቴ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ልጅቱ እንባ አልለመነችም፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ለታልጋራ ክሊኒክ አስተርጓሚ ይቀጠር ብላ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ በአንድ አስረድታ ተቀመጠች። ቀዩ መብራት አልበራም። አራት ደቂቃ ከሃምሳ ስድስት ሰከንድ ነበር። ከሌላ ከተማ የመጡት ሦስቱ ዳኞች ወደ ጎን ክፍል ገቡ፤ የውድድሩ አዘጋጅ ቤቫንም ተከትሏቸው ገባ። ሲወጡ ያሸነፈው ዲግቢ ነው ተባለ። ኖሪን አዘነች፤ ነገር ግን ዳኛ ዳኛ ነው ብላ ተቀበለችው። በጎን ክፍል ውስጥ ምን እንደተባለ የነገራት የማክሰኞው ደብዳቤ ነው።

«ሪኒ፣ የኔ ማር!» አለ ቤቫን በስልኩ። «ደብዳቤዬ ደረሰሽ?»

«ስድስት ደቂቃ ከአንድ ሰከንድን ከየት አመጣኸው?»

«በስልኬ ይዤዋለሁ። አፏን ከከፈተችበት እስከ ዘጋችበት።»

«ሰላምታ አይቆጠርም፣ ቤቫን። ከአንተ የተሻለ የሚያውቀው የለም።»

«ሰላምታ ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር። ያ ሁሉ እኔ ያልገባኝ ነገር ንግግር ነው።»

«የዲግቢስ?»

«የሱማ ሰላምታ ነው፤ ሁላችንም ሰምተነዋል።»

«ለዳኞቹ እኔን መጫን ረሳች አልካቸው። ልጅቱን ደወል ሳይደወልባት ዐሥር ነጥብ አስወሰድክባት።»

«ታዲያ ሆን ብላ ነው ልበላቸው? እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው። እርጅና ነው ብል ማን ይፈርድብሻል?»

ስልኩን ዘጋችበት። ክሌም ዳቦውን ጨርሶ አካፋውን ይፈልግ ጀመር፤ ለቲማቲሙ እንደሆነ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

በማግስቱ ወደ ኬልቪን ፖምሮይ መድኃኒት ቤት ሄደች። ኬልቪን የዘንድሮው የክበቡ ፕሬዚዳንት ነው፤ ደግ ሰው፣ ነገር ግን ከሁሉም ጋር ተስማምቶ ለመኖር ሲል ከራሱ ጋር የተጣላ።

«ኬልቪን፣ ያንን ቅጽ አልፈርምም።»

«ሪኒ፣ ድምፅሽን... ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ለሳል መድኃኒት የመጣ ሁሉ ይስማ! ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ሰከንድ አላጓደልኩም፤ አሁን ጃጅታለች ልባል?»

«ማንም ጃጅታለች አላለም። እንዲያው ቤቫን... የአዳራሹን ጣሪያ ያሠራው እሱ ነው፤ ታውቂያለሽ።»

«ጣሪያ ያሠራ ሰው ከዝናብ ያድነን። ሰዓቱን ግን ለኔ ይተውልኝ።»

ኬልቪን የጠርሙሶቹን ስም ወደ ፊት እያዞረ ይደረድር ጀመር። «ዓርብ ጠዋት ለአውራጃው ውድድር የሚያልፈውን ልጅ ስም መላክ አለብኝ። ያልተፈረመ ቅጽ ደግሞ አይቀበሉም። ፈርሚና ነገሩ ይለፍ። አንድ ውድድር እኮ ነው።»

«አንድ ውድድር ነው» አለች ኖሪን። ይህን ቃል ከዚህ በፊትም ሰምታዋለች፤ ያኔ «አምስት ደቂቃ እኮ ናት» ነበር የተባለችው፣ ከመሰላሉ ሥር ቆማ።

ከዚያ ወጥታ ካሎላይኔ ከትምህርት በኋላ ወደምትሠራበት ዳቦ ቤት ገባች። ልጅቱን ምን እንደምትላት አላሰበችበትም ነበር። ካሎላይኔ ስታያት ሽርጧን አስተካክላ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች።

«ወይዘሮ ትሬጌንዛ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእኔ ምክንያት ስምዎ ተነሣ አሉ።»

«አንቺ ምን አጠፋሽና ነው ይቅርታ የምትጠይቂኝ?»

«አስረዘምኩት። አባቴም እንደዚያ ነው ያለው። በሚቀጥለው ዓመት ታናሽ እኅቴ ስትወዳደር ፋካታፑውን እናስቀረዋለን ብለናል።» ልጅቱ ጥቂት አሰበችና፣ «ወይ ደግሞ በልቧ ትበለው። ዳኞቹ ካልሰሙት አይቆጠርባትም፣ አይደል?»

ይህንን ያለችው በምሬት አልነበረም። እንደ ማንኛውም የቤት ጉዳይ፣ ቅቤው ካለቀ በዘይት እንሥራው እንደሚባለው፣ በቅንነት ነው ያለችው። ኖሪንን አንጀቷ ድረስ የቆረጣት ይኸው ቅንነት ነበር። የማትፈልገውን ዳቦ ገዛች፤ መኪናዋ ጣሪያ ላይ አስቀምጣ ረስታው ነዳች፤ ዳቦው ከድልድዩ ላይ ወንዝ ገባ። ያንን አዎ፣ ረስታዋለች።

ሐሙስ ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የክበቡ አባላት አዳራሹን ሞልተው ተቀመጡ። የበግ ጥብስ ከነናናው መረቅ ቀረበ። በዚያ እራት ላይ ሁለት የቆዩ ልማዶች አሉ። አንደኛው አሸናፊው ወጣት ንግግሩን ለአባላቱ ደግሞ ማሰማቱ ነው፤ እንደ ውድድሩ ቀንም መብራቱ ይበራል፣ ሰዓቱም ይያዛል። ሁለተኛው የቀጪው ልማድ ነው። ከአባላቱ አንዱ ቀጪ ተብሎ ይሾማል፤ አሮጌ የወተት ጣሳ እያንኳኳ በየጠረጴዛው ይዞርና አንዱን ክራባትህ ጠመመ፣ ሌላውን ስምህ ጋዜጣ ላይ ወጣ እያለ በቀልድ ይቀጣል። የተቀጣ ሰው ስቆ ሳንቲሙን ይጥላል፤ አይከራከርም። ከጣሳው የሚገኘው ለልጆች መነጽር ይውላል። የዘንድሮው ቀጪ ቤቫን ነበር።

«ወገኖቼ!» አለ ጣሳውን እየመታ። «ዛሬ ከባድ ወንጀለኛ ይዣለሁ። ሰዓቷን አስተኝታ፣ እሷም አብራ ተኝታ የተገኘች! ሪኒ፣ ሁለት ዶላር!»

ሳቁ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ዞረ። አንዱ ከኋላ፣ «ቀስቃሽ ሰዓት ግዙላት!» አለ። ሌላው፣ «ክሌም፣ ማታ ማታስ ትጫነዋለች?» አለ። ክሌም ሹካውን ይዞ ሚስቱን ተመለከተ። ኖሪን ተነሣች፤ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ሁለት ዶላሩን ጣሳው ውስጥ ጣለችው። ሰዉ አጨበጨበ። ቤቫን ቅጹንና ብዕሩን ከፊቷ አኖረላት።

«ጎበዝ። በዚያው ፈርሚልኝና እንገላገል።»

«ልጁ ይናገር፤ ከዚያ እፈርማለሁ» አለች።

ቤቫን በእፎይታ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ኖሪን ከመብራቶቹና ከደወሉ አጠገብ፣ ሃያ ሰባት ዓመት በኖረችበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዲግቢ ክራባቱን እያስተካከለ ወደ መናገሪያው ወጣ፤ ፈገግ አለና አፉን ከፈተ።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣»

ቀጭ።

ድምፁ በአዳራሹ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማ። ያንን ድምፅ ሃያ ሰባት ዓመት የሰሙ ጆሮዎች ጊዜው እንዳልደረሰ ዐወቁ። ጥቂቶች አንገታቸውን አዞሩ። ክሌም ሹካውን አስቀመጠ። ልጁ ግን ምንም አልጠረጠረም፤ ከንቲባውን፣ ሹማምንቱን፣ አስተማሪዎቹን፣ የአልሞንድ ገበሬዎችን ማኅበር፣ በመጨረሻም «የሁሉ ነገሬ መሠረት» ያላቸውን አያቱን በየተራ እጅ ነሣ። ኖሪን ቀና ብላ አላየችም። ዓይኗ ከሰዓቷ መርፌ ጋር ይዞር ነበር።

ቢጫው መብራት ሲበራ ልጁ ገና የንግግሩ መካከል ላይ ነበር። ዓይኑ ወደ መብራቱ ሄደ፤ ቃላቱ ተፋጠኑ። ቀዩ ሲበራ ግንባሩ ላብ አወጣ። ምንም አላጠፋም፤ ምንም አልጨመረም፤ ቅዳሜ የተናገረውን ቃል በቃል ነበር የሚናገረው። ኖሪን ይህንን ታውቃለች፤ ስለ ልጁም አዘነች። እጇን ግን ደወሉ ላይ አኖረች።

«...እንግዲህ መሪ ማለት እንደ ወይን ግንድ ነው፤ ሲገረዝ...»

ደወሉ ጮኸ።

ዲግቢ አፉን እንደ ከፈተ ቆመ። ከዚያ ቤቫን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ።

«ምን ማድረግሽ ነው? ልጁ እኮ ገና አምስት ደቂቃ አልሞላውም!»

«አምስት ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ» አለች ኖሪን፤ የሩጫ ሰዓቷን ከፍ አድርጋ። «አፉን ከከፈተበት ጀምሮ።»

«ሰላምታውን ቆጥረሽበት! ሰላምታ እኮ አይ...»

ቀሪውን አልጨረሰውም። አላስፈለገም ነበር፤ አዳራሹ በሙሉ በልቡ ጨረሰለት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ቁናው ግን በገዛ አፍ ሲመለስ ከማየት የከፋ የለም።

ኖሪን ቆመች። ወጣት ሳለች ከአዳራሹ ጀርባ ሳንድዊች እየቆረጠች ያፈነችው፣ ካገባች በኋላ ደግሞ በክሌም አፍ ስታሰማው የኖረችው ድምፅ በዚያ ምሽት ከገዛ ደረቷ ወጣ።

«ጨርሰው እንጂ፣ ቤቫን! አይቆጠርም በል! ለልጅህ ልጅ የማይቆጠረው ለሴሚሲ ቫይፑና ልጅ ለምን ይቆጠራል? የሷ ሰላምታ ስላልገባህ? ያልገባህ ሁሉ ዕዳ ነው? አባትህ ሰዓት ሲያዞሩ ቢያንስ መሰላል ወጥተው ይደክሙ ነበር፤ አንተ ከወንበርህ ሳትነሣ ነው ያዞርከው!»

«ሪኒ፣ ተቀመጪ፤ እንግዳ አለ» አለ ኬልቪን፤ ፊቱ እንደ መድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ነጥቷል።

«አንተ ተነሥ እንጂ እኔ አልቀመጥም! የመመሪያው መጽሐፍ እዚህ አለ፣ የዳኞቹ ነጥብ እዚህ አለ። ከመቀነሱ በፊት ልጅቱ ሰማንያ ስምንት፣ ዲግቢ ሰማንያ አንድ። ሰላምታ የማይቆጠር ከሆነ ማንም አይቀነስበትም፤ እሷ ትበልጣለች። የሚቆጠር ከሆነ ከሁለቱም ዐሥር ዐሥር ይቀነስ፤ አሁንም እሷ ትበልጣለች። የፈለግኸውን ምረጥ፤ ለሁለት ልጅ ሁለት ሰዓት ግን ከእንግዲህ በእኔ እጅ አይያዝም።»

ኬልቪን መጽሐፉን አነሣ። ያችን አንድ መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ቀና ሲል ወደ ቤቫን ሳይሆን ወደ መናገሪያው ተመለከተ። ዲግቢ እዚያው ቆሟል፤ ጆሮው ቀልቷል።

«ጋሼ» አለ ልጁ ወደ አያቱ ዞሮ፣ «ዳኞቹ ጋ የገቡት ለዚህ ነበር?»

ቤቫን ጣሳውን ከአንዱ የጠረጴዛ ጫፍ ወደ ሌላው አዛወረው፤ ሳንቲሞቹ ብቻ ተንኮሻኮሹ።

ኬልቪን ጉሮሮውን ጠረገ። «ንግግር ከመጀመሪያ ቃሉ ይቆጠራል ይላል። ሰላምታ በየትኛው ቋንቋ ይሁን አይልም።» ምናልባት በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የማንንም ፊት ሳያይ ጨመረ። «ነገ የምልከው የካሎላይኔ ቫይፑናን ስም ነው። ለዳኞቹም እኔ ራሴ እጽፍላቸዋለሁ።»

ጭብጨባ አልነበረም። አንዱ ሳለ፤ አንዲት ሴት «ደግ ተደረገ» አለች፤ ሌሎች ሳህናቸውን ያዩ ጀመር። «ቀስቃሽ ሰዓት ግዙላት» ያለው ሰው ስለ ጥብሱ መቀዝቀዝ ማውራት ጀመረ። ኖሪን የታረመውን ቅጽ ለሁለት ቀደደችው፤ አዲስ ቅጽ ስባ አራት ደቂቃ ከሃምሳ ስድስት ሰከንድ ብላ ጻፈች፤ ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭና ፈረመች። ከዚያ ወደ ዲግቢ ዞረች።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም ልጄ። የወይኑን ነገር ልትጨርሰው ከፈለግህ እሰማሃለሁ።»

«አይ፣ ይቅር» አለ ልጁ። «የሷን ሰምቼዋለሁ። የሷ ይሻል ነበር።»

ኖሪን ኮቷን ደረበች። ወደ በሩ ስትሄድ በቤቫን ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች፤ እጇን ጣሳው ውስጥ ከተተችና ሁለት ዶላሯን ፈልጋ አወጣችው። በክበቡ ታሪክ ውስጥ ከዚያ ጣሳ ሳንቲም ያወጣ ሰው ኖሮ አያውቅም። ቤቫን አፉን ከፈተ።

«ያ ለልጆች መነጽር ነው እኮ፣ ሪኒ።»

«ዐውቃለሁ። ነገ በስሜ አምጥቼ ሃያ እጥላለሁ። ተኝታለች ተብዬ የጣልኳትን ይቺን ግን አልተዋትም።»

ክሌም መኪናውን እየነዳ ድልድዩ ላይ ወጣ። የወንዙ ውሃ ከታች ጠቁሮ ይሄዳል። ኖሪን ሳንቲሟን በጭብጧ እንደ ያዘች ነበር።

«እንዴት ነሽ?» አላት ክሌም።

«ልጅቱ በልቧ ትበለው አለችኝ፣ ክሌም። በልቧ።»

«ሰምቻለሁ። ነግረሽኛል።»

«ሃያ ሰባት ዓመት ሰላምታ አይቆጠርም እያልኩ ስናገር፣ ማንም የማን ሰላምታ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅኩም።»

ክሌም ወደ ቤታቸው የሚወስደውን ኮረኮንች ያዘ። የመኪናው መብራት በቲማቲሙ መደብ ጎን የተተከለውን አካፋ አበራው።

«ታዲያ ጉድጓዱ ይቅር?»

«ቆፍረው» አለች ኖሪን። «ገና አልበረደልኝም።»